«ለምን እንቀልበዋለን?» የሞት ቅጣትና የዕድሜ ልክ እስራት በገንዘብ ሲመዘኑ

(ጎንደር ላይ ለሕግ ተማሪዎች፣ ለጠበቆችና ለከተማው ነዋሪዎች በቃል የቀረበ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች በጥቂቱ ተስተካክሏል።)

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ የሙያ ባልደረቦቼ፣ ውድ ተማሪዎች፤

የዛሬውን ርእስ ያገኘሁት በአንድ ለቅሶ ድንኳን ውስጥ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ከከተማችን ወጣ ብላ በምትገኝ አንዲት የገጠር ቀበሌ፣ በግፍ የተገደለ የአምስት ልጆች አባት ለቅሶ ልደርስ ሄጄ ከአንድ አዛውንት አጠገብ ተቀመጥሁ። ጠበቃ መሆኔን ሲሰሙ ወደ እኔ ዘወር ብለው፣ «ልጄ፣ እንግዲህ ገዳዩን ምን ያደርጉታል?» አሉኝ። ማስረጃው ከጠነከረ ዕድሜ ልክ ወይም ሞት ሊፈረድበት እንደሚችል ነገርኋቸው። «ዕድሜ ልክ?» አሉ። «እኛ ሟችን ቀብረን፣ ልጆቹን በየዘመዱ በትነን፣ ገዳዩን ደግሞ በግብራችን ልንቀልበው? ለምን እንቀልበዋለን?»

ያን ዕለት «አባቴ፣ ሕጉ እንዲህ ነው» ከማለት በቀር የምመልስላቸው ነገር አልነበረኝም፤ ይህም ለብዙ ጊዜ ሲቆጨኝ ኖሯል። ሰውዬው ስለ በቀል አልጠየቁኝም። የጠየቁኝ ስለ ወጪ ነው፤ ግብር የሚከፍል ገበሬ ገንዘቡ የት እንደሚገባ የመጠየቅ ሙሉ መብት አለው። ከዚያ ወዲህም ይህንኑ ጥያቄ በሚኒባስ ውስጥ፣ በፍርድ ቤት ግቢ ዛፍ ሥር ቀጠሮ ከሚጠብቁ ባለጉዳዮች፣ ከሙያ ባልደረቦቼም ጭምር ሰምቼዋለሁ። የሁሉም ስሌት አንድ ዓይነት ነው። በአንደኛው ወገን ገመድ ወይም ጥይት፣ በሌላው ወገን የሠላሳ ዓመት እንጀራ፣ ልብስ፣ ሕክምናና ጥበቃ ይቀመጥና ሚዛኑ ወዲያው ያጋድላል። ዛሬ ላሳያችሁ የምፈልገው በዚህ ሚዛን ላይ አንድ ከባድ ነገር ሳይጫን መቅረቱን ነው፤ እርሱም ሰውን ወደ ሞት የሚያደርሰው የፍርድ ሂደት ራሱ ነው።

የሞት ቅጣትን ወጪ ቆጥረው ለሕዝብ ያሳወቁ አገሮች ጥቂቶች ናቸው። ከእነዚህ ውስጥ በርካታ ጥናት የተደረገባት አሜሪካ ናት፤ ምክንያቱም እያንዳንዱ ክፍለ ግዛት የራሱ የወንጀል ሕግ፣ የራሱ በጀትና የራሱ ኦዲተር ስላለው፣ ሞት የተጠየቀበትን መዝገብ ሞት ካልተጠየቀበት ተመሳሳይ መዝገብ ጎን አስቀምጦ ማነጻጸር ይቻላል። (የውጭ አገር ዓመታትን በጎርጎርዮሳውያን፣ የአገራችንን በራሳችን አቆጣጠር እጠቅሳለሁ።)

የካንሳስ ክፍለ ግዛት ኦዲተሮች በ2003 ባወጡት ሪፖርት፣ ሞት የተፈረደበት መዝገብ ከምርመራው ጀምሮ እስከ ፍጻሜው፣ የእስር ቤቱ ወጪ ጭምር ታስቦ፣ መካከለኛ ወጪው 1.26 ሚሊዮን ዶላር ሲሆን፣ ሞት ያልተጠየቀበት ተመጣጣኝ መዝገብ ግን 740 ሺህ ዶላር እንደሆነ ገምተዋል። ልዩነቱ ሰባ በመቶ ነው። የዕድሜ ልክ እስረኛው ቀለብ በዚህ ስሌት ውስጥ እንደገባ ልብ በሉልኝ፤ ቀለቡ ተቆጥሮም ሞት ይበልጣል።

በሜሪላንድ በ2008 የወጣው ጥናት ደግሞ ሌላ ነገር አሳየ። ከ1978 እስከ 1999 ባለው ጊዜ የሞት ቅጣት የተጠየቀባቸው መዝገቦች ክፍለ ግዛቲቱን 186 ሚሊዮን ዶላር ተጨማሪ ወጪ አስወጥተዋታል፤ በዚህ ሁሉ ገንዘብ የተፈጸመው የሞት ቅጣት አምስት ብቻ ነው። ከዚህ ውስጥ 71 ሚሊዮኑ የወጣው ዐቃቤ ሕግ ሞት ጠይቆ ሞት ባልተፈረደባቸው መዝገቦች ላይ ነው። ወጪው የሚጀምረው ፍርደኛው ወደ መግደያው ክፍል ሲገባ ሳይሆን፣ ዐቃቤ ሕጉ «ሞት እንዲወሰንበት እጠይቃለሁ» ብሎ ክስ ባቀረበ ዕለት ነው ማለት ነው፤ ውሳኔው ምንም ቢሆን ያ ገንዘብ አይመለስም። ኒው ጀርሲም ከ1983 ጀምሮ ለዚሁ ሥርዓት 253 ሚሊዮን ዶላር ያህል ማውጣቷንና አንድም ሰው አለመግደሏን በ2005 የወጣ ጥናት ካመለከተ በኋላ፣ በ2007 ቅጣቱን ከሕጓ ሰርዛዋለች።

ከሁሉም ሰፊው ታሪክ የካሊፎርኒያ ስለሆነ በእርሱ ላይ ትንሽ እቆያለሁ። ካሊፎርኒያ የሞት ቅጣትን ዳግም ካቋቋመችበት ከ1978 አንሥቶ እስከ 2011 ድረስ ለዚህ ሥርዓት 4 ቢሊዮን ዶላር ያህል እንዳወጣች አንድ የፌዴራል ዳኛና አንዲት የሕግ መምህርት በጋራ ባደረጉት ጥናት አስልተዋል። በዚህ ጊዜ የተፈጸመው የሞት ቅጣት 13 ነው፤ ብናካፍለው ለአንድ ሰው 308 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ይደርሳል። በሞት ፍርድ ላይ እያሉ በበሽታ፣ በእርጅናና ራሳቸውን በማጥፋት የሞቱት ፍርደኞች ቁጥር መንግሥት ከገደላቸው እጅግ ይበልጣል። ይህ ማለት ግብር ከፋዩ ለሞት ቅጣት ከፍሎ የተቀበለው የዕድሜ ልክ እስራትን ነው፤ ያውም በውድ ዋጋ።

ይሁን እንጂ ለእኔ ከ4 ቢሊዮኑ ይልቅ ብዙ ያስተማሩኝ ሦስት ቁጥሮች አሉ። በ2008 የካሊፎርኒያን የወንጀል ፍትሕ እንዲመረምር የተቋቋመ ኮሚሽን ሪፖርቱን ሲያቀርብ፣ በጊዜው የነበረው የሞት ቅጣት ሥርዓት በዓመት 137 ሚሊዮን ዶላር ገደማ እንደሚፈጅ ገለጸ። ቀጥሎም ኮሚሽኑ ይህን ሥርዓት ጉድለት የሞላበት ሆኖ እንዳገኘው፣ ጠበቃ ሳይመደብላቸው ለዓመታት የሚጠብቁ ፍርደኞች እንዳሉ፣ ጉድለቱን ሁሉ አስተካክሎ ፍርዱ በተገቢው ጥንቃቄ እንዲሰጥ ለማድረግ በዓመት 232 ሚሊዮን ዶላር ገደማ እንደሚያስፈልግ አስታወቀ። የሞት ቅጣት ቀርቶ ከፍተኛው ቅጣት የዕድሜ ልክ እስራት ቢሆንስ? 11.5 ሚሊዮን ዶላር።

እነዚህን ሦስት ቁጥሮች አንድ ላይ አድርጋችሁ እዩአቸው። የሞት ቅጣት ጥንቃቄ ሲጨመርበት ዋጋው ይጨምራል፤ ጥንቃቄ ሲቀነስለት ዋጋው ይቀንሳል። ከገመዱ፣ ከመርፌው፣ ከጥይቱ ጋር ይህ ዋጋ ግንኙነት የለውም ለማለት ይቻላል። እርግጥ ነው፣ በቅርቡ ኢንዲያና የምትባለው ክፍለ ግዛት ለመግደያ የሚሆን መድኃኒት ለመግዛት 900 ሺህ ዶላር አውጥታለች፤ እንዲህ ያለው ወጪ ግን ከጠቅላላው ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው።

ገንዘቡ ታዲያ የት ይሄዳል? የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1972 በሥራ ላይ የነበሩትን የሞት ቅጣት ሕጎች ውድቅ ካደረገና በ1976 አዳዲሶቹን ከተቀበለ ወዲህ፣ የሞት መዝገብ ከሌላ የነፍስ ግድያ መዝገብ የተለየ መንገድ ይሄዳል። ችሎቱ ለሁለት ይከፈላል፤ በመጀመሪያ ጥፋተኛ መሆን አለመሆኑ፣ ከዚያም መሞት አለመሞቱ ራሱን በቻለ ሌላ ክርክር ይታያል። በአብዛኛው ሁለት ጠበቆች ይቆማሉ። የተከሳሹን አስተዳደግ፣ ሕመም፣ የአእምሮ ሁኔታና የቤተሰብ ታሪክ ከልጅነቱ ጀምሮ አጥንቶ የሚያቀርብ ባለሙያ ይቀጠራል። ፍርድ ሰጪዎቹን ዜጎች ለመምረጥ ብቻ ሳምንታት ይፈጃሉ። ፍርዱ ከተሰጠ በኋላ ይግባኙ በክፍለ ግዛቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት፣ ቀጥሎ በሌላ አቤቱታ፣ ቀጥሎም በፌዴራል ፍርድ ቤቶች ይታያል፤ ከፍርዱ እስከ ቅጣቱ አፈጻጸም ሃያ ዓመት ገደማ መቆየት የተለመደ ሆኗል። በእነዚህ ዓመታት ፍርደኛው በብዙ ቦታ ለብቻው በጥብቅ ጥበቃ ይያዛል፤ የጠቀስሁት ኮሚሽን በ2008 በካሊፎርኒያ ይህ ጥበቃ ለአንድ ሰው በዓመት 90 ሺህ ዶላር ተጨማሪ ወጪ ይጠይቅ እንደነበረ ገልጿል።

ሸክሙ የሚያርፈውም በትልልቆቹ ግዛቶች ላይ ብቻ አይደለም። በ1998 በቴክሳስ፣ ጃስፐር በምትባል ትንሽ የገጠር አውራጃ፣ አንድ ጥቁር ሰው በዘረኞች በመኪና ተጎትቶ ተገደለ፤ ወንጀሉ ዓለምን ያስደነገጠ ነበር። የአካባቢው አስተዳደር የሞት መዝገቦቹን ወጪ ለመሸፈን የንብረት ግብር ለመጨመር ተገዷል። እኔ ይህን ሳነብ በዓይነ ሕሊናዬ የመጣብኝ ወረዳ ነው። የአንድ ወረዳ በጀት በአንድ መዝገብ ሲናጋ ምን እንደሚመስል፣ የጤና ጣቢያ ጣሪያ በማን ምክንያት ሳይጠገን እንደሚቀር እናንተም ልታስቡት ትችላላችሁ።

እዚህ ላይ «ታዲያ ይግባኙን ማሳጠር ነዋ!» የሚል ሰው አይጠፋም። ካሊፎርኒያውያንም እንዲሁ ብለዋል። በ2012 የሞት ቅጣት እንዲቀር፣ ዋና መከራከሪያው ወጪ ሆኖ፣ ለሕዝብ ድምፅ ቀርቦ 52 ለ48 በሆነ ውጤት ተሸነፈ፤ በ2016 እንደገና ቀርቦ ተሸነፈ፤ በዚያው ዕለት ደግሞ ሂደቱ እንዲፋጠን የሚጠይቀው ሐሳብ በጠባብ ልዩነት አለፈ። ሆኖም በ2019 አስተዳዳሪው ሞት የተፈረደባቸው 737 ሰዎች ላይ ቅጣቱ እንዳይፈጸም አገዱ፤ ገመዱም ሳይቆረጥ፣ ወጪውም ሳይቀንስ ቀረ።

ማሳጠር ማለት ምን ማለት እንደሆነ ግን አባቶቻችን ከሁሉ አስቀድመው መልስ ሰጥተውበታል። «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ፣ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ታስቆጨኛለች» ይላሉ። በቅሎ ማለት በዚያ ዘመን የአንድ ሰው ትልቁ ሀብቱ ነው፤ ጭብጦ ደግሞ የመንገድ ስንቅ፣ በእጅ የምትያዝ ቁራሽ። የአገራችን ሰው በአግባቡ ተዳኝቶ በቅሎውን ቢያጣ ይሻለዋል፤ ያለ ዳኝነት ከሆነ ጭብጦው እንኳ ታንገበግበዋለች። ስለ በቅሎና ስለ ጭብጦ እንዲህ የሚል ሕዝብ ስለ ሰው ነፍስ ምን ሊል እንደሚገባው ለእናንተ መንገር አይኖርብኝም። በአሜሪካ ከ1973 ወዲህ ሞት ከተፈረደባቸው በኋላ ከጥፋተኝነት ነፃ የወጡ ሰዎች ከ190 በላይ ናቸው። ብዙዎቹ ነፃ የወጡት ሂደቱ ረጅም በመሆኑ ነው፤ ይግባኙ አጥሮ ቢሆን ኖሮ መዝገባቸው ተዘግቶ እነርሱም ተቀብረው ነበር።

የስሕተት ዋጋም በገንዘብ ይቆጠራል። በጃፓን ኢዋዎ ሃካማዳ የተባለ ሰው አራት ሰው ገድለሃል ተብሎ በ1968 ሞት ተፈረደበት፤ ለአሥርተ ዓመታት የሞት ፍርደኛ ሆኖ ከኖረ በኋላ በ2024 በድጋሚ ችሎት በነፃ ተለቀቀ፤ በ2025 ፍርድ ቤት ከ217 ሚሊዮን የን በላይ ካሳ እንዲከፈለው ወሰነ። ይህም ለታሰረበት ለእያንዳንዱ ቀን በሕጉ የተፈቀደው ከፍተኛው ተመን ተሰልቶ ነው። ካሳው ሊከፈል የቻለው ግን ሰውዬው በሕይወት ስለነበረ መሆኑን አትርሱ።

ስለ ሌላ ወገን መከራከሪያ በአጭሩ ልናገር፤ ክብደት አለውና። የሞት ቅጣት መኖሩ ተከሳሾች ሞትን ፈርተው ጥፋታቸውን እንዲያምኑ ስለሚያደርግ የክርክር ወጪ ይቆጥባል የሚሉ የሕግ ሰዎች አሉ። እኔ በዚህ ረገድ የምሰጋው ሌላ ነው። በነፍሱ የተያዘ ሰው ያላደረገውንም ሊያምን ይችላል፤ በዚህ መንገድ የተቆጠበ ገንዘብ ለእኔ ቁጠባ አይደለም። ቅጣቱ ወንጀልን ይከላከላል የሚለውን በተመለከተም፣ የአሜሪካ ብሔራዊ የጥናት ምክር ቤት በ2012 የሦስት አሥርተ ዓመታት ጥናቶችን መርምሮ፣ የሞት ቅጣት በነፍስ ግድያ ቁጥር ላይ ስላለው ውጤት ከእነርሱ ምንም መደምደሚያ ሊወሰድ እንደማይገባ ገልጿል።

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 15 ሰው በሕይወት የመኖር መብቱን ሊያጣ የሚችለው በሕግ ለተደነገገ ከባድ ወንጀል በሚሰጥ ቅጣት ብቻ እንደሆነ ይደነግጋል። ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 117 የሞት ቅጣት ሊወሰን የሚችለው ወንጀሉ እጅግ ከባድ፣ ወንጀለኛውም እጅግ አደገኛ ሲሆን፣ ማቅለያ ምክንያት ሳይኖርና ወንጀሉን ሲፈጽም 18 ዓመት የሞላው ሲሆን እንደሆነ ይገልጻል፤ ርእሰ ብሔሩ ካላጸደቁትም አይፈጸምም። ከባድ የሰው ግድያን የሚመለከተው አንቀጽ 539 ለዳኛው ሁለት በር ይከፍትለታል፦ ዕድሜ ልክ ጽኑ እስራት ወይም ሞት። ዳኛው ሲመርጥ የገንዘብ ጥያቄ በፊቱ የለም፤ መኖርም የለበትም። ለሕግ አውጪውና ለበጀት መዳቢው ግን ሊኖር ይገባል።

በአገራችን የታወቀው የመጨረሻው የሞት ቅጣት የተፈጸመው ሐምሌ 30 ቀን 1999 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ ፍርድ ቤቶች ሞት ሲፈርዱ፣ ቅጣቱ ግን ሳይፈጸም ኖሯል። የሂሳቡን ነገር አስቡት። ሞት የተፈረደበት ሰው እንደ ዕድሜ ልክ እስረኛው ያንኑ እንጀራ ይበላል፣ ያንኑ ጠባቂ ይፈልጋል፣ ሲታመም ያንኑ ሐኪም ያያል። ከዚህም አልፎ አንድ ልዩነት አለ። በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 202 መሠረት ዕድሜ ልክ የተፈረደበት ታራሚ 20 ዓመት ከታሰረና ጠባዩ ከተመሰከረለት በአመክሮ ሊፈታ ይችላል። የሞት ፍርደኛ ግን ቅጣቱ መጀመሪያ ወደ ዕድሜ ልክ ካልተለወጠለት በቀር የሚቆጠርለት 20 ዓመት የለውም። ስለዚህ ያልተፈጸመ የሞት ፍርድ ከዕድሜ ልክ እስራት የረዘመ እስራት ሊሆን ይችላል፤ አዛውንቱ «ለምን እንቀልበዋለን?» ላሉት ጥያቄ ይህ ነው የእኛ አገር መልስ፤ ሞት ብንፈርድበትም እንቀልበዋለን፣ ምናልባትም ለበለጠ ጊዜ።

የቀይ ሽብር መዝገብ ለዚህ ምስክር ነው። ክርክሩ በታኅሣሥ 1987 ዓ.ም. ተጀምሮ የጥፋተኝነት ውሳኔው በታኅሣሥ 1999 ዓ.ም. ተሰጠ፤ አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ። በጥር 1999 ዓ.ም. ዕድሜ ልክ ተወሰነ፤ ዐቃቤ ሕግ ይግባኝ ብሎ በግንቦት 2000 ዓ.ም. የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ቅጣቱን ወደ ሞት ከፍ አደረገው፤ በግንቦት 2003 ዓ.ም. ደግሞ የ23 የደርግ ባለሥልጣናት የሞት ቅጣት በፕሬዚዳንቱ ወደ ዕድሜ ልክ ተለወጠ፤ በ2004 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ብዙዎቹ 20 ዓመት ታስረው በአመክሮ ወጡ። ዕድሜ ልክ ተብሎ የተጀመረው ውሳኔ በሞት በኩል ዞሮ ወደ ዕድሜ ልክ ተመለሰ። በቀይ ሽብር ያለቁት ወጣቶች ወገኖች ምን እንደተሰማቸው አውቃለሁ፤ በዚህ አዳራሽ ውስጥም ታላቅ ወንድም ወይም እኅት ያጡ ሰዎች እንዳሉ አውቃለሁ። መዝገቡ እንዲያ መርዘሙ ያስቆጫል እንጂ ክስ መመሥረቱ አያስቆጭም። ነገር ግን ወደ ሞት ለመሄድ የፈጀው ተጨማሪ ክርክር የተጠናቀቀው በዚያው በእስር ዘመን ላይ ነው።

እኛ ጋ የሞት መዝገብ በአሜሪካ ያህል አይወደድም፤ ይህ ልንኮራበት የሚገባ አይመስለኝም። በመንግሥት ተከላካይ ጠበቃነት በሠራሁባቸው ዓመታት፣ ከባድ የሰው ግድያ የተከሰሰ ሰው መዝገብ ከችሎቱ በፊት በነበረው ምሽት እጄ የገባበት ጊዜ አለ። የቅጣት ማቅለያ አስተያየቱን የጻፍሁት በፍርድ ቤቱ ኮሪደር ቆሜ፣ በአንድ ገጽ ወረቀት ላይ ነው። የሰውዬውን እናት እንኳ ያነጋገርኋት ካስረከብሁ በኋላ ነበር፤ ልጇ በሕፃንነቱ ጭንቅላቱን ተመትቶ ለወራት ራሱን ስቶ እንደነበረ የነገረችኝ ያን ጊዜ ነው። ያ ሰው ሞት አልተፈረደበትም። ቢፈረድበት ኖሮ ለመንግሥት በጣም ርካሽ የሆነ የሞት ፍርድ ይሆን ነበር፤ ርካሽ ያደረገውም የእኔ አንድ ገጽ ነው። ይህን የምናገረው ዛሬ ጠበቃ ለመሆን የምትማሩ ልጆች እንድትሰሙት ብዬ ነው።

ይህች ከተማ ራሷ ርካሽ ሞት ምን እንደሚመስል አይታለች። በ1770ና በ1771 ጎንደር የነበረው ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ፣ ሰዎች ከቤተ መንግሥቱ ፊት ለፊት እንዴት ይቀጡ እንደነበረ፣ አስከሬናቸውም በአደባባይ እንደሚተውና ሌሊት ጅብ እንደሚመጣበት ጽፏል። ዘመኑ የክፉ ሽኩቻ ዘመን ነበር። የነገሥታቱ ሌላ መንገድ ደግሞ አምባ ነበር፤ ከጎንደር በስተደቡብ ምሥራቅ ያለው ወህኒ አምባ ለዙፋን ሊነሡ የሚችሉ ልዑላን በጥበቃ የሚኖሩበት ተራራ ነበር፤ ስሙንም እስከ ዛሬ ለእስር ቤት እንጠራበታለን። ልዑላኑን እዚያ ማኖር ወጪ ነበረው። ይሁን እንጂ ዙፋኑ ሰው ባጣ ጊዜ ከአምባው ወርዶ የሚነግሥ ሰው ይገኝ ነበር፤ በአደባባይ የተሰቀለ ግን አይመለስም።

የዕድሜ ልክ እስራትም ቀላል ወጪ ነው ብዬ ላታልላችሁ አልፈልግም። እስረኛ ያረጃል፤ ዓይኑ ይጠፋል፣ ስኳርና ደም ግፊት ይይዘዋል፣ ደጋፊ ያስፈልገዋል፤ ማረሚያ ቤት ደግሞ የተሠራው ለጎበዝ እንጂ ለሽማግሌ አይደለም። በአገራችን የዚህ ወጪ አንድ ክፍል በመንግሥት መዝገብ ላይ አይታይም፤ የሚሸከመው ቤተሰብ ነው። በጠዋት በማረሚያ ቤቱ በር ስንቅ ይዘው የሚሰለፉትን እናቶች አይታችሁ ይሆናል። አንዳንዶቹ ከሩቅ ወረዳ አድረው የሚመጡ ናቸው፤ ልጃቸው የበደለውን በመሶብ እየከፈሉ ነው። በሌላ በኩል ታራሚ ሊሠራ ይችላል፤ በሽመና፣ በእንጨትና በብረት ሥራ፣ በግንባታ ዕቃ ማምረት የሚሠሩ ታራሚዎች አሉ፤ ከሚሠሩትም ቀለባቸውን ሊደጉሙ፣ ለበደሉትም ሊክሱ የሚችሉበት መንገድ አለ። የሞተ ሰው አይሠራም፣ አይክስም።

ስለዚህ የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው። የመጀመሪያው፣ በአገራችን የሞት ቅጣት የተጠየቀባቸው መዝገቦች ወጪ፣ የምርመራው፣ የተከላካይ ጠበቃው፣ የችሎቱ፣ የይግባኙና የሰበሩ፣ የጥበቃውም ጭምር፣ ከሌሎች ተለይቶ ይቆጠር፤ ለምክር ቤቶችም ይቅረብ። የሕግ ተማሪዎች ለመመረቂያ ጽሑፋችሁ ርእስ ስትፈልጉ አያለሁ፤ ይህ ርእስ ባለቤት የለውም፣ ውሰዱት። ሁለተኛው፣ የሞት ቅጣት በሕጋችን ላይ እስካለ ድረስ፣ ነፍሱ በሚዛን ላይ ያለ ተከሳሽ ሁሉ ቢያንስ ሁለት ጠበቃና መዝገቡን የሚያጠኑበት በቂ ጊዜ ይኑረው። መንግሥት «ይህን ለማድረግ በጀት የለኝም» ካለ፣ ያን ጊዜ ሞት ለመፍረድም በጀት የለውም ማለት ነው። ሩዋንዳ ከዚያ ሁሉ እልቂት በኋላ በ2007 የሞት ቅጣትን አስቀርታለች፤ ሴራሊዮን በ2021፣ ዛምቢያ በ2022፣ ዚምባብዌ በ2024 ተከትለዋል። ሀብታሞች አይደሉም።

አዛውንቱን ባለፈው ዓመት ቅዳሜ ገበያ አገኘኋቸው። ጤፋቸውን ሸጠው ጥላ ሥር አርፈው ነበር። ገዳዩ ዕድሜ ልክ ተፈርዶበታል። ያን ጊዜ ያልመለስሁላቸውን ሁሉ፣ ካንሳስንም ካሊፎርኒያንም፣ በምችለው መጠን አስረዳኋቸው። ዝም ብለው አዳመጡኝ፤ ከዚያም፣ «ከዚያ ሁሉ ገንዘብ ለሟች ልጆች ስንት ደረሳቸው?» አሉኝ።

ምንም፣ አልኋቸው። በወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 101 የተበዳይ ወገኖች ካሳ መጠየቅ እንደሚችሉ፣ ነገር ግን ጥያቄውን የሚያቀርብላቸው ሰው ስለማያገኙ፣ ቢያገኙም በዳዩ ንብረት ስለሌለው፣ ብዙዎቹ ሳይጠይቁ እንደሚቀሩ ነገርኋቸው። የዚያ ሟች የመጀመሪያ ልጅ አባቱ ሲሞት ስምንተኛ ክፍል ነበር፤ ትምህርቱን አቋርጦ ዛሬ እዚሁ ጎንደር በቀን ሥራ ድንጋይ እየተሸከመ ሁለት ታናናሾቹን ያስተምራል። አዛውንቱ ልጁን ወደ ቢሮዬ ይዘውት መጡ። ገዳዩ ከአባቱ የወረሰው ትንሽ መሬትና ጥቂት ከብት እንዳለው ልጁ አጣርቶ ነበር። የካሳ አቤቱታውን ባለፈው ሳምንት አስገብተናል።